እንጀራ እህቴ፣ የታንክ ሞተር

ሰባተኛ ዓመቴን ልይዝ ጥቂት ሲቀረኝ እናቴ በእኔ ላይ ሌላ ልጅ ወደደች። ልጅቷ ከእኔ በብዙ ትበልጣለች። ርዝመቷ አልጋ ያህላል፣ አሥራ ሁለት ፒስተን አላት፣ ከሆዷ ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። በወጣትነቷ ታንክ ውስጥ ተገጥማ ጦር ሜዳ ለጦር ሜዳ ስትንከራተት ኖራ፣ ጦሩ ያረጁ ታንኮቹን ሲያስወግድ አያቴ ገዝቶ ወደ ጋራዡ ግቢ አመጣት። «አንድ ቀን የቤት መኪና ላይ እገጥማታለሁ» እያለ ሲዝት ኖሮ ሳይገጥማት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሸራ ለብሳ ከግንቡ ሥር ተጋድማለች። ሠራተኞቹ ምሳቸውን ሲበሉ ይቀመጡባታል፣ ድመት ትወልድባታለች፣ እኔ ደግሞ እንደ ፈረስ እጋልባታለሁ። እንጀራ እህቴ ሆና ትመጣብኛለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ጋራዡን አያቴ የተወው ለሁለት ልጆቹ፣ ለእናቴና ለታላቅ ወንድሟ ነው። አጎቴ ቢሮውን ይዞ ደንበኛ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ስልክ ላይ ይጮኻል። መካኒኳ እናቴ ናት። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ ለእኔ እናትም አባትም እሷ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስለቀቅም የምገባው ቤት ሳይሆን ጋራዥ ነው። የዘይትና የጎማ ሽታ እስከዛሬ ለእኔ የእናት ጉያ ሽታ ነው። ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ግን ያስነጥሰኛል።

እናቴ በሰፈሩ የታወቀችው በጆሮዋ ነበር። ደንበኛ ገና በሩን ሳያልፍ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆና፣ «አንዷ ካንዴላ አትሠራም» ወይም «የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቋል፣ አቁመው» ትለዋለች። ሰውየው ኮፈኑ ሲከፈት አፉን ይዞ ይቀራል። አያቴ «መካኒክ ማለት ጆሮ ነው፤ እጅማ ቁልፍ መያዣ ነው» ይል ነበር፤ ይህን ሲል ደግሞ ሴት ልጁን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ግን ተለወጠችብኝ። ከኋላዋ ቆሜ፣ «እማ! ዛሬ አስተማሪዋ ሥዕሌን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው!» እላታለሁ። ዝም። «እማ፣ ራበኝ!» ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ብሎኗን ታጠብቃለች። ድንገት ዞር ብላ ስታየኝ ደግሞ ክው ትልና፣ «እንዴ! መቼ መጣሽ፣ ሚጣ?» ትለኛለች። መቼ መጣሽ! ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጠራት ቆይቼ! ስነግራትም ዓይኔን አታይም፤ አፌን ነው የምታየው። አፌ ላይ የምግብ ትራፊ የቀረ እየመሰለኝ በሹራቤ እጅጌ እጠርገዋለሁ። ታያለች፣ እጠርጋለሁ። ታያለች፣ እጠርጋለሁ። የሹራቤ እጅጌ በዚያ ዓመት አለቀ ማለት ይቻላል።

ከዚያ የብልጭታ ጫማ ነገር መጣ። ብልጭታ የምንለው በያጁን ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ካለ ሚስቱ ብቻ ትመስለኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በክሪክ ከተነሳች መኪና ሥር ተንጋሎ የጭስ ማውጫ ይበይዳል። እናቴ በሌላው ጎን ሆና ሥራው ያለቀ መስሏት ክሪኩን ታወርድ ጀመር። «ቆይ! ኧረ ቆይ! ሰው አለ!» ይላል ብልጭታ። እናቴ ታወርዳለች። «ኧረ በፈጠረሽ!» ይላል። ታወርዳለች። በመጨረሻ እንደ እንሽላሊት ተስቦ ወጣ፤ አንድ ጫማው ግን ከሥር ተጨፍልቃ ቀረች። በአንድ እግሩ እንጣጥ እንጣጥ ሲል እኔ ጨዋታ መስሎኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም። እናቴ እጆቿን አገላብጣ ታያለች፣ አጎቴ ከቢሮው በር ላይ ቆሟል።

ተጣሉ። እኔ ግቢው ውስጥ ከቆመች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ሰማኋቸው።

«ሁለተኛ አይደገምም፣ ጋሼ።»

«ሲደገም እኮ ሰው ነው የሚሞተው! ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። አይመለስም ብሏል። ቁርጡን ነግሮናል።»

የማይመለሰው አባቴ መሰለኝ። እሱ እንደማይመለስማ እኔም አውቃለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ሐኪም ምን አስፈለገ?

«እኔ ላንቺ ብዬ ነው» አለ አጎቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ መልሶ ጮክ አደረገው። «ላንቺ ብዬ ነው! ቢሮ ውስጥ ወንበር አዘጋጅልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ ደረሰኝ ቁረጪ።»

«ወንበር?» አለች እናቴ፣ የተሰደበች ይመስል። «እኔ ልጎለት?»

«መካኒክ ማለት ጆሮ ነው ያለው አባታችን ነው፤ እኔ አይደለሁም!»

«እጅም አለኝ፤ እግርም አለኝ፤ ጥርስም አለኝ።»

አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። እጁን ወደ ግንቡ ሥር፣ ሸራ ወደለበሰችው ሞተር ወረወረ። «እንግዲያስ ያቺን የአባባን ጉድ መኪና ላይ ገጥመሽ አስነሺያት! ይህን ዳገት ውጪባት! ያን ጊዜ የወንበር ነገር ካነሳሁ ምላሴ ይቆረጥ!» ዳገቱ ያለው ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ነው፤ ጭነት የያዘ መኪና ሁሉ እያቃሰተ የሚወጣው፣ ገሚሱም መሀል ላይ የሚቀርበት። አይሆንም ማለቱ ነበር እንግዲህ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እናቴ አፉን ትክ ብላ እያየችው፣ «እስቲ ድገመው» አለችው።

ደገመው።

«ብልጭታ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ብልጭታ፣ በአንድ ጫማው ቆሞ።

«እስቲ ድገመው» ያለችው ለምስክር ብቻ አልነበረም። አፉን በትክክል አንብባው እንደሆነ ልታረጋግጥ ነው። እናቴ ጆሮዋ እየጠፋ ነበር፤ ሐኪሙ አይመለስም ያለው መስማቷን ነው። ይህን አጎቴና ብልጭታ ያውቃሉ፤ እኔ ግን እንዳልፈራ ተብሎ አልተነገረኝም። አለመናገራቸው ምን እንዳስታቀፈኝ ቢያውቁ ኖሮ ያኔውኑ ይነግሩኝ ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ሞተሯ ዳገቱን ካልወጣች እናቴ ወንበር ላይ ትጎለታለች። እናቴ ተቀምጣ ደግሞ አይቻት አላውቅም፤ ምግብ እንኳን የምትበላው ቆማ ነው።

በማግስቱ ሸራው ተገፈፈ። አያቴ ይነዳት የነበረች ረጅም አሮጌ የቤት መኪና ነበረችን፤ የእሷን ሞተር አውጥተው ጣሉት። ከዚያ የታንኩን ሞተር በሰንሰለት ማንሻ አንጠለጠሏት። ሰንሰለቱ ሲጢጥ ሲል፣ ጣሪያውን የያዘው ብረት ሲለምጥ፣ ብልጭታ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ወደ መኪናዋ ሆድ ሲያወርዷት አልገባ አለች። ከፊት ትረዝማለች፣ ከጎን ትሰፋለች፣ ከሥር መሬት ትነካለች።

«ይህ እኮ በሬን በዶሮ ቆጥ ማሳደር ነው» አለ አጎቴ ከቢሮው በር ላይ።

«ቆጡን እናሰፋዋለና» አለች እናቴ።

አሰፉት። ሻንሲው አልችል ሲል የጭነት መኪና ሻንሲ ቆርጠው ከሥሩ በየዱለት። ካምቢዮው ከጭነት መኪና፣ የኋላ አክሱ ከጭነት መኪና፣ ፍሬኑም ከጭነት መኪና መጣ። ራዲያተሩ ሁለት ሆነ። የሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ ተገፍቶ ከኋላው የቀረችው የእኔ ቂጥ የምታክል አግዳሚ ናት። ኮፈኑ ላይ ላሜራ በላሜራ ሲቀጠልበት መኪናዋ አፍንጫ ብቻ ሆነች፤ የሰፈር ልጆች አፍንጮ አሏት። አጎቴ ደግሞ፣ «አፍንጫዋ ገበያ ደርሶ ቂጧ ገና ቤት ነው» እያለ ለደንበኞች ያስጎበኛታል። ግን አያለሁ፤ ማንም በሌለበት ሰዓት እየመጣ በእጁ ይዳብሳት ነበር። የአባቱ ናት።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሞተሯን ስትስማት ያዝኳት። እናቴ ጎንበስ ብላ ፊቷን ሞተሯ ላይ ደፍታለች፤ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ወደ ሌላ ቦታ ታዞራለች፤ እንደገና ትደፋለች። እኔን ስትስመኝ እንኳ ቸኩላ፣ ግንባሬን ብቻ ነው።  ሄጄ ለብልጭታ ነገርኩት።

«እናቴ ሞተሯን ትስማታለች።»

ብልጭታ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ታዲያስ?» አለ። «እነዚህ ትልልቆቹ ካልተሳሙ አይነሱም።»

ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ሄጄ እኔም ሳምኳት። ለእናቴ ብዬ ነው፣ ወንበሩን አስቤ። የግሪስ ጣዕም ከአፌ ለመልቀቅ ዋለ አደረ። ከሳምኳት በኋላ ግን በእርግጫ አልኳት፤ የተጎዳው የእግሬ ጣት ነው።

እናቴ አትስማትም ነበር። የረጅሙን ካቻቢቴ አንዱን ጫፍ ሞተሯ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጥርሷ መሀል አድርጋ ነክሳው ነው። ሞተሯን በእጇ እያዞረች ትሞክራለች፤ የብረቱ መነካካት በካቻቢቴው አልፎ፣ በጥርሷ አልፎ፣ በአጥንት በአጥንት ጭንቅላቷ ውስጥ ይደርሳል። ጤነኛ ጆሮ ያላቸው መካኒኮች ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ ይደግኑታል። እሷ በሩ ሲዘጋባት በመስኮት ገባች። «ጥርስም አለኝ» ያለችው ይህንን ነበር። ከኋላ ሆኜ ሳይ ካቻቢቴው አይታየኝም፤ የሚታየኝ መሳሳም ነው።

ሞተሯ የተነሳችበትን ቀን ግን ሁሉም በትክክል አይቶታል። ባትሪዎች ተደርድረው ተያያዙ። ሞተሪኖው አንዴ አጓራ፤ ምንም። ሁለተኛም አጓራ፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጢስ ቱፍ አለ። በሦስተኛው ተነሳች። እንዴት ልበላችሁ፣ ድምፅ አልነበረም፤ መሬቱ ነው የተናገረው። የቢሮው መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያ ላይ የነበሩ ብሎኖች እየዘለሉ ወረዱ፣ ድመቷ ግንቡን ዘላ ሄደች፣ እስከ ማግስቱም ልጆቿን ልትወስድ አልተመለሰችም። እኔ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ሁሉም ደፈነ። እናቴ ብቻ አልደፈነችም። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆማለች፤ መዳፎቿን ፓራፋንጎው ላይ ዘርግታለች፤ ትስቃለች፣ እንባዋ ደግሞ በጉንጯ ይወርዳል።

ለእኔ እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም ብዬ ሄጄ ከጎማ ክምር ኋላ አለቀስኩ። ያ ድምፅ ከስንት ወራት በኋላ ሳትለማመጥ፣ ሳትገምት፣ አፍ ሳታይ የሰማችው የመጀመሪያው ድምፅ እንደነበር በምን ልወቅ? በእግሯ ሰማችው፣ በእጇ ሰማችው፣ በደረቷ ሰማችው። እኔም አሁን ሳስበው እንባዬ ይመጣል፤ የዛሬው ግን የደስታ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አጎቴ ወንበሩን ገዝቶ ከነፕላስቲኩ ቢሮ ውስጥ አስቀምጦታል። ክፋት የለበትም፤ ለስላሳ እንዲሆን ብሎ ትራስም ጨምሮበታል፤ ይህ ነው ይበልጥ እናቴን ያበሸቃት። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ከቶርኖ ቤት የመጣው በዚያው ጠዋት ስለነበረ ቸኩለው ገጠሙት፤ ለመሞከር ጊዜ አልነበረም። የሰፈር ሰው ግንቡ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። አጎቴ ዳኛ ነኝ ብሎ ከእናቴ ጎን ገባ። አፍንጮ አፍንጫዋን ወደ በሩ፣ ወደ ዳገቱ አቅንታ ቆማለች።

እናቴ አስነሳች። ሰዉ ጆሮውን ደፈነ። ፍሪሲዮን ረገጠች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ለቀቀች።

አፍንጮ ወደ ኋላ ተወነጨፈች። የዘይት በርሜሎቹን በቂጧ ደርምሳ፣ የጎማውን ክምር ጨፍልቃ፣ ግንቡን ልትነካ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ማርሹን ተመለከተች። ልክ ነው፤ አንደኛ ነው። እንደገና ነካ አደረገቻት፤ እንደገና ወደ ኋላ። ሞተሩን አጠፋችና ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሯ በትክክለኛ ፊቷ አልገባ ስላለች ዞራ፣ ኋላዋ ወደ ፊት ሆኖ ነው የተገጠመችው። ኃይሏም በሌላው ጫፍ ወጣ። ዞራ ከተገጠመች ደግሞ የምታሽከረክረውም በተቃራኒ ነው። ያን ሁሉ በጥርስ ነክሳ የሰማች ሴት፣ ያን ሁሉ ያሰበች ሴት፣ ይህችን ረሳቻት። ብልጭታም ረሳት። አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት ያላት መኪና ሠሩ።

አጎቴ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገና ቀና ስትል፣ «ይበቃል፣ እህቴ» አላት። አልሳቀም። «ጀግና ነሽ። ግን ይበቃል፤ ውረጂ።»

 ወንበሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ከሩቅ ያብረቀርቃል።

«በኋላ ማርሽ ውጪያ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከግንቡ ላይ። «እሷ ወደ ፊት ትወስድሽ የለ!»

«የኋላ ማርሽ ጥርሷ ስስ ነው» አለ ብልጭታ። «ይህን ጉልበት አትችልም፤ እንክትክቷ ነው የሚወጣው። ጠንካሮቹ አራቱ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ...» ብሎ አቆመ። እናቴ አፉን እያየችው ነበር። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ።

«ጋሼ» አለች ወደ አጎቴ ዞራ። «ዳገቱን ውጪ አልከኝ እንጂ በአፍንጫሽ ውጪ አልከኝ?»

አጎቴ ወደ ምስክሩ፣ ወደ ብልጭታ ዞረ።

«አላላትም!» ብሎ ጮኸ ብልጭታ። «ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ! አላለም!»

ግቢው በአንድ አፍ «አላለም!» አለ። እናቴ በእጇ ጠራችኝ። «ሚጣ፣ ነይ ግቢ። መንገዱ ላይ የሚመጣውን ሁሉ ከኋላ ሆነሽ ትነግሪኛለሽ።» እኔን! እንጀራ እህቴ ሳትሆን እኔ! እግሬ መሬት ሳይነካ አግዳሚዋ ላይ ተገኘሁ። ሰዎቹ አፍንጮን ገፍተው አዞሯት፤ ቂጧ ወደ ዳገቱ ሆነ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ለአጎቴ አስታቀፈችው።

እንግዲህ ወጣን። መሬቱ ከሥራችን ይጮኻል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ሱቆቹ፣ ዛፎቹ፣ አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች ሁሉ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ይሸሻሉ። እናቴ አንድ እጇን መሪው ላይ፣ ሌላውን የአጎቴ ወንበር ላይ አድርጋ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛለች። የምታየው መንገዱን ነው፤ በመንገዱና በእሷ መሀል ያለሁት ግን እኔ ነኝ። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ነው! ስንት ወር ጀርባዋን ሳወራው የኖርኩ ልጅ፣ ዳገቱን በሙሉ የእናቴን ፊት ለብቻዬ አገኘሁት።

«እማ፣ ጋሪ!» እላለሁ፤ ወደ ቀኝ ትይዛለች። «እማ፣ ውሻ!» ቀስ ትላለች። የሚገርመው እኔ ራሴ የራሴን ድምፅ አልሰማውም። አጎቴም ይጮኻል፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፤ ምን እንደሚል አይሰማኝም፣ እኔም ምን እንዳልኩ አይሰማውም። እናቴ ግን የሁለታችንንም ትሰማለች። አጎቴ አንድ ነገር ይላል፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ያለውንም ታደርጋለች። ከዓመታት በኋላ እንደነገረኝ፣ መሀል ላይ ሆን ብሎ ድምፁን አጥፍቶ በከንፈሩ ብቻ፣ «ግራው ጎማ ስር ድንጋይ አለ» አላት። እሷ ደግሞ ድንጋዩን ሸሸችለት። «በዚያች መኪና ውስጥ ደንቆሮዎቹ እኔና አንቺ ነበርን» አለኝ አጎቴ።

ማንም እንደማይሰማኝ ሳውቅ ድፍረት መጣልኝ። ወራት ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን፣ ለራሴ እንኳን ሳይሰማኝ፣ በለሆሳስ አወጣሁት። «እማ፣ ከእኔና ከእሷ ማንን ትወጃለሽ?»

የእናቴ ፊት ቆመ። ዓይኗ አፌ ላይ ነበር፤ ከዚያ ዓይኔ ላይ ሆነ። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ፤ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ጫን አደረገች። እኔና አጎቴ ምንም አልተሰማንም። እሷ ግን ከእኛ በፊት ሰምታለች፤ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ነዳጅ እያጠራት ነው። ከወንበሯ ጎን ያለችውን፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የምትገፋዋን የእጅ ፓምፕ ነካ ነካ፣ ነካ ነካ አደረገቻት። ያኔ ብቻ ነው ሞተሯ አንዴ ስታስል የሰማነው፤ አጎቴ የእናቴን ጫማ ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዘ። ሁለት ጊዜ ሳለች። ከዚያ ጉሮሮዋ ተከፈተና እንደ ነብር አጉርታ፣ መታጠፊያዋን ጎትታን ወጣች፤ ሰማዩ በኋላ መስታወቱ ሞላ። ጫፍ ላይ ነን! ከታች የጋራዡ ግቢ እንደ ክብሪት ቀፎ አንሳ ትታያለች፤ ግንቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ያውለበልባል፤ ብልጭታ መሀል ላይ እንጣጥ እንጣጥ ይላል፣ ዛሬስ በሁለት ጫማው።

እናቴ ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ ኮፈኑን ከፍታ ራዲያተሮቹ ላይ ጎንበስ አለች። አጎቴ ከኋላዋ ቆሞ፣ «እህቴ...» ብሎ ጀመረ። ሊቀጥል አሰበና ተወው። ያን ረጅም አፍንጫ ዙሪያውን ዞሮ ሄደና ፊት ለፊቷ ቆመ። ቀና ብላ እስክታየው ጠበቀ። ከዚያ፣ ሳይጮኽ፣ ቃል በቃል እያስተካከለ፣ «ጋራዡ ያለ አንቺ ጋራዥ አይደለም። ወንበሩን እኔው እቀመጥበታለሁ» አላት። ጫማዋንም አጎንብሶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቃሉን ጠበቀ፤ ትራሱ እስኪጎደጉድ ድረስ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ ውስጥ አዲስ ሕግ ሆነ፦ ማንም ከኋላ ሆኖ አይናገራትም፤ ዞሮ ፊት ለፊቷ ይቆማል። ክሪክ የሚወርደው ደግሞ ከሥር ያለው ሰው ወጥቶ እጇን ከነካ በኋላ ነው። እኔም ሕጉ ለምን እንደወጣ ሳልጠይቅ እዞር ነበር። አፍንጮንም እናቴ የኋላ አክሷን ገልብጣ አስተካከለቻት፤ እንደ ሰው መኪና ወደ ፊት ሄደች። እኔ ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጠባብ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ወደ ኋላ በማስገባት የሚደርስብኝ የለም፤ የት ተማርሽው ሲሉኝ እስቃለሁ።

እናቴ መስማት እንደማትችል የገባኝ ከዚያ ቀን ብዙ ቆይቶ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ የገባኝ ተቃራኒው ነበር፤ እናቴ በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ የበለጠ የምትሰማ ሴት መሰለችኝ። ምክንያቱ ይኸው ነው። አጎቴ ጫማዋን አስቀምጦላት ፈንጠር ሲል፣ በሩን ከፍታ ከአግዳሚዋ አወረደችኝ። ተንበርክካ ፊቷን ከፊቴ ትክክል አደረገች። አፌን አየችው። እጅጌዬን አነሳሁ፤ ልጠርግ። እጄን ይዛ ዝቅ አደረገችው።

«አንቺን» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጠይቀሽኝ የለ እንዴ? አንቺን ነው።»